በየደረጃው

ጥር ነው በሱ ፎልስ፣ ማክሰኞ ወደ ማታ፤
"ሊፍቱ ተበላሽቷል" ይላል ወረቀቱ፣ ከግርጌው "ይቅርታ"።
ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ፤
አስካለች ከስጋ ፋብሪካው መምጣቷ ነው፣ ቦት ጫማዋ ሳይደርቅ፣
ቢላዋ ሲጨብጥ የዋለ እጇ እንደ ታጠፈ፣
ግንባሯ ላይ የፀጉር መረቧ ላስቲክ መስመር እንደ ጻፈ።
ልጇ ሚልኪያስ ከኋላ፣ ጃኬቱን እየጎተተ፣
በየእርከኑ እየቆመ፣ በየእርከኑ እየተጫወተ።

"ስለ ምንድነው ወሬው?" አለችኝ፣ ትንፋሿ ሲመለስ።
"የትምህርት ማሻሻያ ነው፤ በየደረጃው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ኮሌጅ ድረስ።"
"በየደረጃው?" ብላ ሳቀች፣ ጉልበቷን እያሸች፤
"እኔስ ጨረስኩት፤ ሃምሳ አራት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ" አለች።

አስተርጓሚ ነኝ።
ቃል ከዚያ አንሥቼ እዚህ የማወርድ፣ የሰው ሸክም ጫኝ፤
ደንቡን ፈርሜያለሁ፦ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣
ፊቴ ሳይከፋ፣ ድምፄ ሳይለሰልስ።

ዶክተር ሃልቨርሰን ተነሣ፤ መብራት ደበዘዘ፤
ከግድግዳው ላይ ሰማያዊ መስመር ሽቅብ ተመዘዘ።
ብሔራዊ ግብ አለ፤ በላዩ የስቴቱ፣ በዚያ ላይ የከተማው፤
እንደ ጥር ልብስ ግብ በግብ ላይ ተደርቦ፣ የውስጡን ልጅ ድምፅ ማን ይስማው?
በአምስት ዓመት ውስጥ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ አንባቢ፤
ሠንጠረዡ በየሩብ ዓመት፣ ሪፖርቱ ለሰብሳቢ።
"ክፍተቱን እንዘጋለን" አለ፤ ሦስት ጊዜ ደጋገመ፤
አስካለች ስካርፏን አጥፋ ከመስኮቱ ስንጥቅ ወተፈች፤ ብርዱ ቆመ።

የንባብ ረዳቷ የሚስ ድቮራክ ደመወዝ ከገጽ አርባ አንድ ወጥቷል፤
ይህን ማንም አልተናገረም፤ ያልተነገረ ቃል መተርጎም ለእኔ ተከልክሏል።

"ግቡ ገባሽ?" አልኳት በሹክሹክታ።
"ግቡስ ገባኝ" አለች፣ መስመሩን ሽቅብ ተመልክታ፤
"የኔ ልጅ ግን በየት ይግባ? በር አላየሁበትም፤
መስመር ይወጡታል እንጂ አይገቡበትም።"

ለወላጅ ሁለት ደቂቃ ተሰጠ፤ ግማሹ የእኔ አፍ ነው።
ተነሥታ ቆመች፤ ማይኩ ከእሷ ይረዝማል፣ ዝቅ የሚያደርገው ሰው የለው።
"ተጠያቂነት አለብን ስትሉ ሰማሁ" አለች፣ "ደግ ቃል፤
እንግዲያው ጠይቁን። ልጄ አልታመመም፤ ደብተሩ ግን ታሟል፣ ጠያቂ ይሻል።
እሑድ እሑድ ቤት ነኝ።"

ጠይቁን፦ በእኛ ቋንቋ ሁለት እጅ ያለው ቃል ነው፤
በአንዱ ጥያቄ ይዟል፣ በሌላው ብርቱካን፣ የታመመ ጎረቤት ደጅ የሚያደርሰው።
እኔም አንዱን እጅ ቆረጥኩት፤ ደቂቃው አልቆ ነበር፤
"ጥያቄ ጠይቁን ትላለች" አልኩ፤ ሌላው ከነብርቱካኑ ወደቀ፣ ከወንበሩ ሥር።

ዶክተሩ ከልቡ ደስ አለው፤ "መጠይቅማ አለን" አለ፣ "በኢሜይል ይላካል፤
አሥራ ሁለት ጥያቄ፤ በስልክም ይሞላል።"
ሰዉ አጨበጨበ። አስካለችም አጨበጨበች፣
እንግዳ የሚመጣ መስሏት፣ "ከቀትር በኋላ ቢሆን ይሻላል በላቸው" እያለች።

ስንወርድ እኔም ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ሦስት ነው።
አንዱን የት እንደጨመረችው አልጠየቅኳትም፤ ድካም ነው የሚቆጥረው።
ሚልኪያስ ቀድሞን ሊፍቱ በር ላይ ቆሟል፣ ጣቱን ዘርግቶ፣
ፊደል ከፊደል ይፈለቅቃል፣ እንደ ተጣበቀ በረዶ፣ አንዷን ከአንዷ ለይቶ።
ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይሳሳታል፤ ይመለሳል፤
ከግርጌ ያለችው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፅ አውጥቶ ያነባል።
ሙሉ ቃል። የመጀመሪያው።
ከሠንጠረዥ አልገባ፤ ሰማያዊው መስመር አልሰማው።

"ምን አለ?" አለችኝ እናቱ፣ ጓንቷን ስትለብስ።
"ይቅርታ" አልኳት፤
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።