አንድ ባዶ መስመር

ከሰው ኃይል የመጣ ቅጽ፣ ማኅተሙ የፈዘዘ፣
ከእጅ እጅ ሲዞር ከርሞ ጠርዙ የደነዘዘ፤
«የሥልጠናው ዓይነት» ይላል፣ ፊቱ አንድ ባዶ መስመር፤
ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ «ወጪ፣ እስከ ሠላሳ ሺህ ብር፤
እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ያልተጠቀመ ሠራተኛ
ገንዘቡ ተመላሽ ነው።» ሃያ ሁለት ሆነ፤ ልቤ አልተኛ።

ገላን፣ ፓስታ ፋብሪካ፤ ከዱቄት ወፍጮው ጀርባ
ሰርቨሩና እኔ አለን፣ ሁለት ወንበር በማታስገባ
ክፍል። «አይቲ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ዋጠ!» «አይቲ፣ የይለፍ ቃሌ!»
ዳምጠው ብሎ ሲሰይመኝ አባቴ፣ እንዲደመጥ ነበር ቃሌ፤
ሰሚው እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ምን ልማር?
ሥራ አስኪያጁ «ክላውድ» አሉ፣ «ጊዜው የደመና ነው» ብለው፣
ከሆቴል ስብሰባ መልስ ቃሏን በሶፍት ቋጥረው።
በመስኮት አየሁ፤ የረር ትከሻው ላይ ደመና ደርቧል፣
ጣሪያችን ሊያነባ ነው፤ ባልዲው ከሰርቨሩ ጎን ቀርቧል።
ደመናስ አላጣንም፣ ጌታዬ። ያጣነው መብራት ነው።

ምንውየለት ከባንክ ደውሎ፣ «ሴኩሪቲ ያዝ፣ አትሞኝ፤
ወረቀቱ ዱባይ ያደርስሃል፣ ያኔ ትለኛለህ አመስግኝ!»
ይህንኑ በር ላይ ስነግራቸው ጋሽ ዱጉማ ሳቁብኝ፦
«ሴኩሪቲማ እኔ አለሁ! ምን ሊያስተምሩህ ነው ሌላ?
ስማኝ ልጄ፣ ሌባ አጥር አይዘልም፤ ቁልፍ የያዘ ነው የሚበላ።»
በዶላር የሚሸጠውን ትምህርት በነጻ አስጨበጡኝ።

ከቅጹ ጀርባ ውል አለ፤ ሁለት ዓመት ግዴታ፣
ብለቅ እጥፉን ልከፍል፣ ዋስ ላቆም በኔ ፈንታ።
የምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤
ሁለቱን ለፓስታው ሰጥቼ አንዷን ነኝ የምቀምሰው።
ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ይህን ሳሰላ አደርኩ፤
ከማዶ የፈጣኑ መንገድ የክፍያ በር ሲበራ አየሁ፤
መኪናው ይቆማል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል፤
ትኬቱን ማን ገዛለት ብሎ ማን ይጠይቃል?

ሚያዝያ ላይ ሰርቨሩ ሞቶ ነበር። ሞቶ ሲነሳ
የአርባ ቀን የትርፍ ሰዓት መዝገብ ረሳ።
ከማሸጊያ ክፍል ሌንሳ መጣች፣ የካርቶን ቅዳጅ ይዛ፣
በእስክሪብቶ የተጫረ፣ ግማሹ በማሽን ዘይት የወዛ።
«ሃያ ስድስት ሰዓት ነው» አለች። ሂሳብ ሹሙ «ማስረጃ?» አላት።
ወደ እኔ ዞረች።
እኔ ባልዲውን አየሁላት።
ካርቶኗን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች፤ እስካሁን አልጠየቀችኝም።

እንግዲህ መስመሯን ሞላሁ። ክላውድ አላልኩ፣ ሴኩሪቲም፤
«ዳታቤዝ፣ ከነመጠባበቂያው» ብዬ ጻፍኩ። ዱባይ አያደርስም።
ምንውየለት «በዚህ ዘመን!» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።
ወይዘሮ እታፈራሁ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፦
«ይሄ ደግሞ ለምን ይበጃል?»
መልስ አላሰናዳሁም ነበር። «ለትርፍ ሰዓት» አልኩ።
ፈረሙ። ምን እንደገባቸው እንጃ።

ፈተናው ነሐሴ አሥራ አንድ ነው። መጽሐፉ እንደ ብሎኬት ይከብዳል።
ማታ መብራት ሲሄድ የስልኬ ብርሃን ከብርጭቆ ተደግፎ ያነብልኛል።
«መመለስ» የሚለው ምዕራፍ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦
የጠፋውን ከመፈለግህ በፊት የተረፈውን ቁጠር።

ገጽ አርባ ሦስት ላይ የሌንሳን ካርቶን ሽጬያለሁ፤
ስልኬ ሊዘጋ ሲል ጭረቶቹን እቆጥራለሁ፤
እስካሁን የተነበቡልኝ አሥራ ዘጠኝ ናቸው።