የግራው ኩሽኔታ

ታኅሣሥ ነው። ጠባሴ በውርጭ ነጭ ለብሳለች፤
አንዲት ቀይ ፊያት ስፖርት ደጃፋችን ቆማለች፤
በሯ ሁለት፣ ጣሪያዋ ሸራ፣
አንድ ዓይኗ ብቻ የሚበራ።
እትዬ ጽጌማርያም፣ ጋቢ ደርበው፣
«ከኋላዋ የሚያጉረመርመው
ምን እንደሆነ እዩልኝ» አሉን፤
ቁልፉን ዘርግተው፣ ቶሎ ግን ሳይለቁልን።

ጋሽ ማሙሸት መሪ ያዘ፤ በጣርማ በር መንገድ ወጣን፤
ወደ ቀኝ ሲያጥፋት፣ ሸክሙ ግራው ጎማ ላይ ሲጫን፣
እንደ ሩቅ ወፍጮ ቤት ህእእም… አለ፤
ወደ ግራ ሲመልሳት፣ ዝም።
«ሰማሽ? የግራው ኩሽኔታ ቆሰለ።»

ክሪኩን አስገባን፣ ጎማውን ፈታን፣
ታምቡሩን እንጨት አስደግፈን መታን።
ሦስቱ ዳዶ እሺ አለ፤ አራተኛው ዝጎ በላ
የቁልፉን ጥርስ። ናፍታ አጠጣነው፤
ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ላላ።
ሴሚያሱን ስንስብ፣ ያንን ረዥም ብረት፣
ጫፉ ላይ ኩሽኔታው፣ ግራሶው ጠቁሮበት፣
ጋሼ በጣቱ አዞረው፦ ክር… ክር… ጠጠር ያለበት
ምስር የሚያኝክ ሰው ድምፅ።

እትዬ ከተቀመጡበት በርሜል ተነሡ።
«ይኼ ነው?»
«ይኼ ነው።»
«ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ በሬሳ ድልድይ ሳይደርስ አውቀው፤
ይህን ስሰማ ነበር ወጡን የማሞቀው።»

ቀኙንም አየነው። እሱም ሊሄድ ጥቂት ቀርቶታል።
«እሱን ተዉት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ትንሽ ቢናገር ምን ይጎዳል?»
ጋሽ ማሙሸት እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና፣
«ይኼ አይማለድም፣ እትዬ» አለ፣
«ጎማ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ጣርማ በር ቁልቁለት አለና።»

አሮጌውን ቀለበት በመሮ ሰንጥቀን ጣልን።
አዲሱ ኩሽኔታ ገባ፤ የሚይዘው ቀለበት ግን
ጠባብ ነው፣ በመዶሻ አይሆንም፤ ፕሬስ ደግሞ የለንም።
ጋሼ ሰማዩን አየ፦ «ዛሬ ሌሊት ደመና የለም።»

ሴሚያሶቹን ግቢ ውስጥ፣ ሣሩ ላይ አሳደርናቸው፤
ጠዋት ሽበት አብቅለው፣ እጅ የሚቆርጡ ሆነው አገኘናቸው።
ቀለበቱን ከሰል ላይ ጣልን። ቢጫ ሆነ፣
ወይን ጠጅ፣
ከዚያ ሰማያዊ መሰለ፤
«አሁን! ሳታመነቺ!» ጋሼ አለ።
ፒንሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጄ ራደ፣ አልዋሽም፤
ግማሽ መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ አይገባም፣ አይወጣም።
ለቀቅሁት።
ቁ! አለ። ውርጭና እሳት ተቃቀፉ፤
አንድ ትንፋሽ ጭስ ወጣ፣
ከዚያ ወዲያ አይላቀቁም፣ ቢስቡ ቢገፉ።
የቀኙን ጋሼ ራሱ ሠራው። አላየሁትም፤
ጣቴን በረዶ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ ነበር።

ፓራኦሊዮ፣ ግራሶ፣ ቡሎን፣ ታምቡር፣ ጎማ። ሲመሽ
እኔ ነዳሁ። ቀኝ ታጠፍኩ፣ ግራ ታጠፍኩ፤
አንድ ቃል አልተነፈሰችም።
በሬሳን ስሻገር የሸራው ጣሪያ ብቻ ተርገበገበ።
ከደጃቸው ደረስኩ። መብራት አለ፤ ማንም አልወጣ።
ሞተሩን አጥፍቼ ቆየሁ፤ ሰው መጣ አልመጣ…
ክላክሱን አንዴ ነካሁት፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሌባ።

ማማሰያ እንደያዙ ሮጠው ወጡ።
«መቼ ደረስሽ? እኔ እኮ አልሰማሁም!»
የግራውን አሮጌ ኩሽኔታ
በናፍታ አጥቤ በጋዜጣ ጠቅልዬው ነበር፤
ሰጠኋቸው።
ስለ ሒሳብ አልጠየቁኝም።
ሁለት ጣታቸውን አስገብተው፣ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው፣
በሌላው እጃቸው አዞሩት፤
ክር… ክር…

በእግሬ ወደ ጠባሴ ተመለስኩ።
ጠዋት የተቃጠለው ጣቴ
መንገድ ላይ እንደገና ጀመረኝ።