የባርኔጣው ግማሽ

በእንግሊዞች አገር፣ በንግሥቲቱ ዘመን፣
ብራድፎርድ ይኖር ነበር ጄቤዝ የሚሉት ሰግደን።
(አትሳቁ፣ ስሙ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው፤
እኛ ጆሮ ገብቶ ነው ተንበርክኮ የቀረው።)

ሥራው መቀስቀስ ነው፤ ረጅም ሸምበቆ ይዞ፣
በጠባብ ጎዳና ከመስኮት መስኮት ተጉዞ፣
ኳ ኳ! ኳ! ያደርጋል ለሱፍ ፋብሪካ ወዛደር።
ደሞዙ አንድ ፔኒ፣ በሳምንት፣ ከአንድ በር፤
ሰፈሩ ዶሮ ቢያረባ እሱ ጦሙን ያድር ነበር።

የዚያ አገር ቋንቋ «አንተ»ን ከ«አንቱ» አይለይም፤
ለጌታም ለሎሌም አንድ ቃል ነው፣ አይጨምርም።
ታዲያ በምን ለዩ ማን ከማን እንዲበልጥ?
በጓንት፣ በጓሮ በር፣ በባርኔጣ መግለጥ።
ለበላይ ይወልቃል፤ ለእኩያ ይነካል በጣት፤
ለበታች ንቅንቅ የለም፣ ነፋስ ካልመጣበት።

የዳኛ ሞርዳንት ገረድ፣ ስሟ ኬዚያ ሳለ፣
«አን» ተብላ ቀረች፤ የፊተኛዋ ስም ስላለ፣
ሚስማር ላይ ከሽርጡ ጋር እንደተንጠለጠለ።

ጄቤዝ ለዚህ ዳኛ ሃያ ዓመት አወለቀ፤
ራሰ በራው ላይ ዝናብ ወርዶ ደረቀ።
ዳኛው ግን አንድም ቀን ዓይኑን አልመለሰ።
(ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሻው ሲሞት አለቀሰ።)

አንድ የኅዳር ንጋት ጉም ወረደ ከሰማይ፣
ከጭሱ ጋር ተጋብቶ፣ የገዛ እጅ እስከማይታይ።
ዳኛው ከታመመች እህቱ ቤት ሲመለስ፣
ጄቤዝም በወዲህ ግድግዳ ዳብሶ ሲደርስ፣
ድምፅ ከድምፅ ተጋጨ፦ «እንደምን አደሩ?»
«ደኅና፤ እርስዎስ ጌታዬ? ያዳልጣል፣ በዚህ ይሻገሩ።»
ብሎ ዳኛው ባርኔጣውን አወረደ እስከ ጉልበቱ፤
ጄቤዝም ያው አወለቀ፣ እንደ ሃያ ዓመቱ።

(«እርስዎ» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ቋንቋው ዝም ነው ያለው፤
የተረጎምሁት ባርኔጣውን ነው፣ ሲወርድ አይቼው።)

ነፋስ ገባ በመሐል፤ ጉሙ እንደ ሻሽ ተቀደደ፤
የጋዝ ፋኖስ ብርሃን በሁለቱም ላይ ወረደ።
ዳኛው አየ ሸምበቆውን፣ የተጣጣፈውን ካፖርት፤
ሁለት ራሰ በራ፣ እኩል ጤዛ ያረፈበት።
መልሶ ይድፋው እንዴት? እንዴትስ ይቁም ሳይደፋ?
በሥርዓት መጽሐፉ ለዚህ የሚሆን ገጽ ጠፋ።
ሳለ።
ሄደ።

በማግስቱ ፀሐይ ነበር። ዳኛው በዚያው መንገድ መጣ፤
እጁ ከኪሱ ወጥቶ ሊደርስ ሲል ከባርኔጣ፣
መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ፣ እንደበላው ሰው
ቅንድቡን አከከና መልሶ ከኪሱ ከተተው።

ማታ ጄቤዝ ለሚስቱ፣ ድንች እየላጠች ሳለ፣
«ሄፕዚባ፣ ዛሬ ግማሽ ባርኔጣ አገኘሁ» አለ።
«ግማሹስ የት ቀረ?» አለች፣ ቢላዋዋን ሳታቆም።
«ቅንድቡ ላይ። ያሳክከዋል።»
«ይብላው እንግዲህ፤ ግድ የለም።»

ሻማው እንዳያልቅባቸው እፍ አሉና አጠፉት፤
አቶ ሰግደን ሸምበቆውን ከራስጌያቸው አስደገፉት።