የጋን ውስጥ መብራት

እዚህ ቂርያት ጋት፣ ከባቡሩ ሐዲድ ዝቅ ብሎ ካለው ሰፈር፣
የሕፃናቱን ቤት «ጋን» ይሉታል፣ በዚህ አገር።
ለኔ ግን ቃሉ፣ ዘንድሮም፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎ፣
ሸክላ ነው፤ ሆዱ የሰፋ፣ ጥግ የቆመ፣ በጠጠር ተደግፎ።

ሥራዬ ረዳትነት ነው። አፍንጫ እጠርጋለሁ፤
የጫማ ክር አስራለሁ፤ የተደፋ ውኃ አደርቃለሁ፤
ማታ ትንንሾቹን ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ እገለብጣለሁ።

መምህርቷ ኦርሊት ናት፤ ልበ ደግ፣ ድምፀ ጎላ፣
ፍቅር የማትሰስት፣ ለሁሉ የምታድል በአንኮላ።
ስም ብቻ ይጠጥርባታል።
በመስከረም የመጣችውን፣ አራት ዓመት ያልሞላትን፣
መጀመሪያ «ከለሟ» አለቻት፤ ኋላ «ኬሊ» አደረገችው ስሟን።

ቀለሟ ነው። አባቷ አይቸው፣ የመጋዘን የሌሊት ጥበቃ፣
«ዘሬ ቀለም ይቁጠር» ብሎ ያወጣላት፣
በተወለደች ማለዳ፣ ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ።

ልጆቹ በክብ ሲቀመጡ ቀለሟ አትናገርም።
ስትጠራ ጣቶቿን እጅጌዋ ውስጥ ትሰበስባለች፣
መርፌ እንደጠፋባት ሴት ምንጣፉን ታያለች።
ኦርሊት ቅጹ ላይ ጻፈች፦
«ዓይን አታይም። ድምፅ የላትም። በራስ መተማመን ይጎድላታል።
ምርመራ ያስፈልጋታል።»

እንድተረጉምለት ለኔ ተሰጠኝ ወረቀቱ።
አነበብኩለት። የሌሊቱ ድካም ገና አልወረደም ከፊቱ።
«ታላቅ ሰው ላይ አታፍጥጪ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ፣ «ክብር ነው ብዬ።
ጥፋቱ የማን ነው ታዲያ? ንገሪኝ እስቲ፣ እህትዬ።
ደግሞ ቤት ብታያት! አሻንጉሊት ሰብስባ ችሎት ትቀመጣለች፤
ወንድሟን ትከስሳለች፣ እኔን ትቀጣለች!»

የጋን ውስጥ መብራት፣ አልኩ በሆዴ።
መብራቱማ አለ። ሸክላው ነው የወፈረ።

ግን ምን አፍ አለኝና ልናገር?
እኔን ራሴን፣ ከአውሮፕላን በወረድኩ በሳምንቱ፣
ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እያንቀጫቀጨች፣
«ጥዑሜ? ከባድ ነው፤ ታሚ ትሁን» ብላ መዘገበች።
እሺ አልኩ። እሺ ማለት ያኔ ቀላል ነበረ።
ታሚ ሥራ ገባች፣ ታሚ ደመወዝ ተቀበለች፣
ስሜ ግን ሻንጣ ውስጥ አደረ።

እስከዚያ ማክሰኞ።
ዝናብ ነበር፤ ግቢ አልወጣንም። ኦርሊት ስም ጠራች።
«ከለሟ።»
«አይደለም።»
ማን ነው የተናገረው ብለን ዞር ዞር አልን።
«ቀ» አለች፤ ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሐኪም፣ እንደ ዳኛ፣
«እዚህ ጋ ይሰበራል። ቀ።» አፋችንን ከፈትን እኛ።
ሊዮር ሞከረ። አናስታሲያ ሞከረች። ክፍሉ በሙሉ
ቀ፣ ቀ፣ ቀ አለ፤ ቆቅ እንደሰፈረበት ማሳ፣
ዝናቡ እስኪረሳ።

ኦርሊትም ሞከረች። ሳል ወጣት።
«እንደገና» አለቻት ልጅቷ፤ ተነሥታ፣ ተጠግታ፣
አፏን አይታ፣ ጉሮሮዋን አይታ፣
በመጨረሻ ዓይኗን፣ ትክ ብላ፣ አይታ።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል
ጠጠሩ እኔ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት ዕቃ ስናነሣ ሽርጤን ጎተተችና፣
«ያንቺስ?» አለችኝ። «ታሚ።» «የቤትሽ!» አለች እንደገና።
«ጥዑሜ።»
ከጥርሴ ኋላ አቧራውን አራግፎ ወጣ።
«ጥ» አለች ለራሷ፣ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው፤
ከዚያ ጥላኝ ሮጠች፤ የዥዋዥዌው ተራ ደርሷት ነው።

ቅጹ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። አልተቀደደም፤ አልተላከም።
ጠዋት ጠዋት በመስኮት አያለሁ፦
ኦርሊት መኪናዋን አቁማ፣ ሳትወርድ፣ ብቻዋን ጉሮሮዋን ትይዛለች።
አንዳንድ ቀን ቀ ይሆንላታል።
ብዙውን ቀን ሳል ነው።