ደወሉን ብቻ

ኅዳር ገባ፤ ውርጩ ገብሱን አቃጠለው፤
የአንማውን ጉልበት ጨብጦ አልለቅ አለው።
ሐኪሙም «ሙቅ አገር» ብሎ ጻፈልን፣
እንደ ኪኒን ሁሉ በቀን አዘዘልን፦
ሦስት ወር፣ በቀን አንድ ፀሐይ፣ ከምግብ በኋላ።
ልጃችን ሳቀች፦ «ደግሞ ጡረተኛ፣ ሽርሽር በቆላ!»
በጎቹን ለአስረበብ፣ ቁልፉን ለእህቴ ልጅ፣
ድመቷን ለእግዜር ሰጥተን ወጣን ከደጅ።

ሽምብጥ አንዲት ክፍል በወር ተከራየን፤
መስኮቷን ስንከፍት፣ በሽታው ነበር ባሕሩን የለየን።

አንማው መንገድ ሠሪ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት
ከሞጣ እስከ ደጀን ጠጠር ሲያስደፋ፣ ሲለካ ስፋት።
ዛሬም አስፋልት ሲያይ ቆሞ በከዘራው ይመታዋል፣
«ይሄ ሁለት ክረምት አይችልም» ይለዋል።
እኔ የሒሳብ አስተማሪ፤ ጠመኔው ከጣቴ ዛሬም አይለቅም፤
ይህን ሁሉ መንገድ የሠራ ሰው ግን
ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከዘንባባው ጥላ ሥር
አንድ ልጅ ብስክሌት ሊያከራይ ሲደረድር፣
«በሰዓት ስንት ነው?» አልኩት። ከፈልኩ። ነጠላዬን አጣፋሁ፤
ኮርቻው ላይ ወጣሁ፤
ሄድኩ።

በቃ፣ ሄድኩ። ስድሳ ሦስት ዓመቴን ተሸክሜ፣
ባሕሩን በግራ ይዤ፣ ነፋሱን ተሳልሜ።
ከኋላዬ የአንማው ድምፅ፦ «ኧረ ሴትዮዋ!»
ዓሣ ጠባሿም ቆመች ከነማንኪያዋ።

ዞሬ ስመለስ ቆሟል፣ ከዘራውን ተደግፎ፣
ጥያቄው ከንፈሩ ላይ እንደ ዝንብ አርፎ።

«ማን አስተማረሽ?»
አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣
አራት ልጅ ድረን፣ ሁለት እናት ቀብረን፣
ይህችን አልነገርኩትም። ምን ብዬ? መቼስ? በየት በኩል?
እዚሁ ነው፤ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ፤
የተዋስኩት ብስክሌት፣ ፍሬኑ የሚይዝ በእድል፤
ጉማሬ አይቼ ዓባይ ዳር፣ ብስክሌቱን ጥዬ የሮጥኩት
ሲታወሰኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ።

«ማነው ያዋሰሽ?» አለ። በስድሳ ስምንት ዓመቱ!
ቀና እንዴ? ጆሮው ቀላ፣ እንደ ልጅነቱ።
«ጉዳይህ አይደለም» አልኩት፤ «ና ውጣ፣ እግርህን አንሣ፤
ኮርቻውን እይዝልሃለሁ።»
ወጣ፤ ወደቀ፤ ተነሣ።

ሳምንት ሙሉ ከኋላው ሮጥኩ፣ ኮርቻ ጨብጬ፣
«ጎማውን አትይ፣ ፊትህን!» ስል፣ በፀሐይ ቀልጬ።
በስምንተኛው ቀን ስለቀው፣ አላወቀም አልልም፤
«ያዢኝ!» አለ፤ ሰውዬው ሲፈራ እንኳ ያዛል፤ አልታዘዝም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰን! ጠዋት ቤዛዊት ዳገት
(ገፍተን ነው፣ አልዋሽም፤ ብስክሌት ዳገት ላይ ሌላ አሮጊት ናት)፤
ቀትር ላይ ቀረሶ፣ እስከ እሾሁ ተጠብሶ፤
ማታ ደንገሉ፣ ወዲያ፣ በነፋስ ተጎንብሶ።

አንድ ቀን በታንኳ ተሻገርን ደብረ ማርያም፤
ቀዛፊው «አባባ፣ ዋና ይችላሉ?» ቢለው፣ «እኔ? አልችልም፤
ሚስቴን ጠይቃት፤ እሷ ዘንድ ያልነገረችኝ ብዙ አለ።»
ቀዛፊው ሳቀ፤ እኔን ግን
እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ዋለ።

ማታ ነገርኩት። ብስክሌቱ የፈንታነሽ ነበር፣ የመኝታ ጓደኛዬ፤
በጥቅምት ወባ ይዟት ሞተች፤ ለዚያ ነበር ዝምታዬ።
አንማው ብዙ ቆየ። ጣቶቼን አንድ አንድ ቆጠረ፤
መቁጠር የእኔ ሥራ ነበር፤ ያን ማታ እሱ ጀመረ።

ባሕር ዳር አለው ይላሉ፤ ትዳርም ዳር አለው፤
አርባ ዓመት መሐሉን ስንቀዝፍ፣ ዳሩን መች አየነው?

መጋቢት ሲገባ ሙቀቱ ጠና፤ ልጃችን ደወለች፦
«በጎቹ ወለዱ፤ ድመቷም እግዜር ጋ አልሄደች፣ እዚሁ አለች።»
አንማው ብስክሌቱን ሊመልስ ሄዶ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ተከራከረ፤
«ለድጓ ፅዮን ዳገት?» ብዬ ብስቅ፣ ዝም ብሎ ቀረ።

አሁን ክረምት ነው። ጉሙ ከጮቄ ወርዶ ግቢ ገብቷል፤
እኔ ጓዳ ነኝ፤ እሱ ጉልበቱን በጋቢ ጠቅልሏል፤
ቅጭል!
ለካ ደወሉን ብቻ ገዝቶ፣ በኪሱ ደብቆ አምጥቷል፤
አልጋው ራስጌ አስሮታል።
ቅጭል! «ትሁን፣ መንገድ ልቀቂ!» ይላል።