ከኮርኒሱ በላይ

ኸሪፍ የሚሉት ክረምታቸው በገባ በሰባተኛው ቀን፣
ጉም ከተራራው ወርዶ ደህሪዝን ሲሸፍን፣
ከኮርኒሱ በላይ አንድ ነገር ሮጠ፤
ቆመ… ደግሞ ሮጠ… ጣውላውን ቧጠጠ።

«ጂን ነው» አለች ሸምሳ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፤
ስልኳ ቁርኣን ሲቀራ አደረ፣ ደረጃው ላይ ተሰቅሎ።
ባባ ሰዒድ ሳቀ፤ «አይጥ ነው» አለና፣
ሰማያዊ መርዝ በሳህን አቀረበ፣ እንደ ምሳ፣ እንደ መና።
መርዙ እንዳለ አደረ፣ ማንም አልነካው፤
የበሰለው ሙዝ ግን ከነልጣጩ የለም፤ ማነው የበላው?

የኩባንያው ሰው መጣ፣ ቢጁ የሚሉት፣
ጓንት አጥልቆ፣ መብራት ግንባሩ ላይ አስሮበት፤
አንገቱን አስግጎ ቀዳዳውን አየ፤
«ስልሳ ሪያል» አለና ከመሰላሉ ተለየ።
ስልሳ! (የኔ ደሞዝ ሰማንያ ነው በወር።)
ሸምሳ እኔን አየች፣ ከዚያ መሰላሉን፣ ምንም ሳትናገር።

እኔ ግን ካወቅሁት ሁለት ሌሊት አልፏል፤
ክፍሌ ከጣሪያው ሥር ነው፣ ሁሉም ነገር ይሰማል።
ታንከሩ ሲያጓራ፣ ኤሲው ሲያቃስት፣
እርግብ ስትረግጥ፣ ድመት ስትረግጥ ለይቻለሁ በአራት ዓመት።
ይሄኛው ሌላ ነው። ሽታ አለው፤ የሽንት፣ የሚስክ፣ የእርጥብ ሣር፤
አፍንጫዬን ይዞ ወሰደኝ፣ ከሰላላ እስከ ሐይቅ ዳር።

ሸለምጥማጥ።
(ስሙን በአፌ ስይዘው፣ እንደ ደረቅ ከረሜላ የሚንቋቋ፣ የማይዋጥ።)
የአክስቴን የጦይባን ዶሮዎች የፈጀ ሌባ፣
አሥራ አንዱን ባንድ ሌሊት፤ ደማቸውን ጠጥቶ፣ ግቢው ላባ በላባ።
ወንድሜ በማግስቱ አጥምዶ ያዘው፤
ቆዳውን ግንድ ላይ ቸነከረው፤ መንደሩ እየመጣ ረገመው።
እኔም እንትፍ ብያለሁ።

በዐረብኛ ምን ይሉታል? አላውቅ።
የእንቁላል ካርቶን ገልብጬ ሳልኩት፤ ጭራው ባለ ቀለበት፣ እግሩ ደቃቅ።
ሸምሳ አይታ ሳቀች፤ «ይሄማ ድመት ነው፣ ፒጃማ የለበሰ!»
ከዚያ ዱላ ሰጠችኝ፤ ሳቋም እዚያው ፈረሰ።

ወጣሁ። የኮርኒሱን ክዳን ገፋሁት በራሴ፤
አቧራው፣ ሙቀቱ… ተገታ እስትንፋሴ።
የስልኬን መብራት ሳዞር ሁለት ዓይን በራ፤
ጥርሷን አሳየችኝ፣ «እስኪ ነይ!» እንደማለት፣ ዱላዬን ሳትፈራ።
ከሆዷ ሥር፣ የኤሲው ቱቦ ስፖንጅ ላይ፣ ሦስት፤
ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦበት።

ያቺ የጦይባ ባለዕዳ! ያቺ ደመኛችን!
አንድ ምት ይበቃ ነበር ለአሥራ አንዱ ዶሯችን።
ዱላው በእጄ ነበረ። እጄም የኔ ነበረ።
ምን እንደያዘው አላውቅም፤ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አለ?» «የላላ ቱቦ ነው፣ ማዳም፤ እኔ እጠግነዋለሁ።»
በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አሳምሬ ዋሽቻለሁ።

አራስ ብርሃን ትጠላለች፣ ወሬ ትጠላለች፤
ቤቷ ቤት ካልመሰላት ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች።
(ጦይባ ከዚያ ሌሊት ወዲህ፣ ከዶሮው ቤት በር፣
ፋኖስ እየሰቀለች ታድር ነበር።)
አምፖል ዘረጋሁ፤ አሮጌ ሬድዮ ደገንኩ፤
የዓሣ ዋጋ የሚያወራ ጣቢያ ላይ አስተካከልኩ።

አንድ ሌሊት፣ ምንም። ሁለት ሌሊት፣ ማጉረምረም።
በሦስተኛው፣ አዛን ሳይል፣ ጉሙ እንደ እርጎ ረግቶ፣
አንዱን በማጅራቱ ነክሳ ወጣች፣ ጅራቷ ባጥሩ ላይ ተጎትቶ፤
ሙዙ እርሻ ውስጥ ጠፋች።
ተመለሰች። ሁለተኛው።
ተመለሰች። ቆማ አየችኝ፣ ሦስተኛው ካፏ ተንጠልጥሎ፤
መንገድ ለቀቅሁላት፤ ዝናቡ ባንገቴ ገባ፣ እስከ ወገቤ ተንከባሎ።

ሲነጋ ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት ሰፋሁት፤
በምስማር መታሁት፣ ደግሞ በጣቴ ገፋሁት።
ባባ ሰዒድ «ጎበዝ» አለኝ። ስልሳውን ግን አላነሳ፤
እኔም ዝም አልኩ፤ ሠርቼ ገባሁ የቤቱን ምሳ።

ማክሰኞ ማታ ከኡም ኸሚስ ግቢ ዶሮ ጮኸ፣ አንዴ፣ በአጭሩ።
ልብስ እያጠፍኩ ነበር። እጄ ቆመ። ሸምሳም ዞረች ወደ አጥሩ።
«ድመት ነው» አለችኝ።
እጄ ላይ የባባ ፒጃማ ነበር፣ ባለ መስመሩ። አጠፍኩት። አንዲት ሳቅ አመለጠችኝ።