የዘይት ደብተር

"አዲሱን ነው" አለ ባሌ ዳምጠው፣
"ላስቲኩ ከወንበር ገና ያልተላጠው፣
ሽታው ካርቶን ውስጥ እንዳለ ጫማ የሚያምረው፣
ካንቺና ከኔ በፊት ሰው ያልሞከረው።"

ሻጩ ልጅ ብስኩት ሰጠን፣ ወንበር አስጠጋ፤
ብንጠይቅ ብንጠይቅ አልጠራም ዋጋ።
"በየሁለት ሳምንቱ ይቺን ነው" እያለ፣
ገንዘቡን እንደ ዳቦ ቆርሶ አደላደለ።

በሆዴ ቆጠርኩት። ሰባት ዓመት ማለት፣
ሕፃኗ ልጃችን፣ ገና ጥርስ የሌላት፣
አብቅላው፣ አውልቃው፣ ሌላ ጥርስ አብቅላ፣
እኛ ገና ከፋይ፣ መኪናዋ ዝላ።
ደግሞ ከሱቁ ወጥታ አስፋልት ስትነካ፣
ዋጋዋ ቀድሟት ወርዶ ይጠብቃል ለካ!

እኔ የምፈልጋት ሌላ ናት፦
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ከአረጋውያኑ ቤት ፈረቃዬን ጨርሼ ስወጣ፣
ቁልፍ ሳዞር የምትነሳ።
ቀለሟ ምንም ይሁን።

ቅዳሜ ኪልዶናን፣ በረዶው ሲያበራ፣
ሽማግሌው ፔነር ከጋራዥ ተጣራ።
ኮሮላ። ግራጫ። አሥራ አንድ ዓመቷ።
በሯ ላይ ጭረት አለ፣ ዝገት በባቷ።
ዳምጠው ጎማዋን በጫማው ጫር አርጎ፣
"አሮጊት" አላት፣ በአማርኛ ሸሽጎ።

ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ፣
ፔነር ከመሳቢያው ደብተር ይዞ መጣ።
ቀን። ኪሎ ሜትር። ዘይት። የፍሬን ሸራ።
ባትሪ። የአየር ማጣሪያ። ቺንግያ በተራ።
ሁሉም በእርሳስ፣ ጉንዳን በሚያህል ጽሑፍ።
መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ፦
"ኤልሳን ሆስፒታል። በረዶ። በሰላም ተመለስን።"
"ኤልሳን ሆስፒታል። ማሞቂያው ጥሩ ነው።"
"ኤልሳን ሆስፒታል።"

ከዚያ ወዲህ ዘይት ብቻ፣ በየስድስት ወሩ።
ኪሎ ሜትሩ ግን አልተነቃነቀም።
የትም ለማትሄድ መኪና
ዘይት ይቀይር ነበር ሰውየው።
ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሳርጀንት ጎዳና፣ ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ወሰድናት።
ኮፈኗን ከፍቶ፣ ዝም ብሎ አስነሳት።
ዳምጠው ቸኩሎ "ነዳጅ ልስጣት" ሲለው፣
"ስምህን ተወውና፣ እስቲ አዳምጠው!
ባለቤት ይዋሻል፣ ሞተር ግን አይዋሽም።"
ሦስታችን ጎንበስ አልን፤ ማንም አልተነፈሰም።
የተኛች ድመት ነበረች የምታንኮራፋ፤
ከኋላ ግራ ብቻ
አንዲት ኩሽኔታ ታጉረመርማለች።
"ይቺን እቀይራታለሁ" አለ ጋሽ ሽብሩ እጁን እየጠረገ፤
"የቀረው ዕድሜ ነው። ዕድሜ በጋራዥ አይታከምም፣
ከያዙት ግን አይገድልም።"

ስድስት ሺህ ዶላር። ባንድ ቀን። ዕዳ የለም።

"ጨው ለራስህ ጣፍጥ፣ ይጥሉሃል" ሲሉ፣
ዊኒፔግ ጣፍጦም ይጥሉታል በሙሉ፣
አስፋልት ላይ ዘርተው፤ እሱም ቂም ቋጥሮ፣
የመኪና ሆድ ይበላል ከሥር ቆፍሮ።
ስለዚህ በየሳምንቱ፣ ያ "አሮጊት" ያላት
ባሌ ተንበርክኮ ሆዷን ያጥብላታል፤
ከኔ ጋር ሲጣላም እሷ ጋ ነው የሚሄደው።

ልዋሽ አልፈልግም፦
ባለፈው ወር ራዲያተሯ አፈሰሰ።
አራት መቶ ሃያ ዶላር።
ዳምጠው አየኝ። ሳህን ማጠብ ቀጠልኩ።
የጎረቤታችን አዲሷ መኪናም
በዚያ ሁሉ ብርድ አንድም ቀን እምቢ አላለችውም።

ዛሬ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ነው።
ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን እንደ ስልክ
በገመድ ግድግዳ ላይ ሰክቶ አድሯል።
ገመዱን ነቀልኩ። ቁልፉን አዞርኩ።
አንዴ አሰበች።
ተነሳች።

ደብተሩ እዚያው መሳቢያዋ ውስጥ ነው።
ከፔነር እርሳስ ሥር፣ በኛ ፊደል፣
ጣቴ እየደነዘዘ ጻፍኩ፦
"ጥር አሥራ ሁለት። ዘይት።
ልጅቷን ክትባት። በረዶ።
ማሞቂያው ጥሩ ነው።"